“በዘር ነው” ካላችሁን፣ እንግዲያው ቀድማችሁ እዩን

ለጤና ሚኒስቴር
ለስኳር ክትትል ክፍል ባለሙያዎች
ቤቱ ስኳር ለገባበት ሰው ሁሉ

ጉዳዩ፦ በክትትል ካርዳችን ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ስለመጠየቅ

ጥያቄው ይህ ነው፦ “ከቤተሰብዎ በስኳር ምክንያት ዓይኑ የተጎዳ ሰው አለ?” መልሱ አዎ ከሆነ ታካሚው በዚያው ሰሞን ለዓይን ምርመራ ይላክ። ብሌኑ በጠብታ ይስፋና ሬቲናው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ይታይ። ስኳር ያለባቸው እህት ወንድሞቹም እንዲታዩ መልእክት ይያዝ። ዋናው ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክንያቱን ነው።

እኔ ዓይነት ሁለት ስኳር አለብኝ። ክትትሌን አላቋርጥም፤ ነርሶቹም ያውቁኛል። በቀጠሮዬ ቀን ቁርስ ሳልበላ በጠዋት እደርሳለሁ። ጣቴን እወጋለሁ፣ ግፊቴን እለካለሁ፣ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ “ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል” ይሉኛል። ከፍ ካለ ቁጣ አለ። መጀመሪያ ካርድ ሳወጣ “ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት አለ?” ተብዬ ተጠይቄያለሁ። እናቴም ነበረባት፣ ታላቅ እህቴም አለባት አልኩ። ተጻፈ። እዚያው ላይ ቆመ። ስኳሩ ምን አደረጋቸው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ቢጠይቁኝ ስለ እትዬ እነግራቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነው። ሰፌዱን ወደ ፊቷ ታቀርበዋለች፣ መልሳ ታርቀዋለች። “ምን ዓይነት ምስር ነው ያመጣኸው፣ ጥቁር ክር ሞልቶበታል” አለችኝ። አየሁት፤ ምንም ክር የለበትም። ዓይኗን ወደ ግድግዳው ስታዞር ክሩም አብሯት ሄደ። ያኔ ሁለታችንም ዝም አልን። መነጽር ቤት ሄደች፣ መነጽር ተቀየረላት። ብዙም ሳይቆይ በቀኝ ዓይኗ ቀይ ነገር ወርዶ ጋረዳት። ሬቲናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያኔ ነው። ስኳር እንዳለባት ካወቀች ግን ዓመታት አልፈዋል። ግራው በሌዘርና በመርፌ ተረፈ። ቀኙ አልተረፈም።

የእናታችንም ዓይን እንዲሁ ነበር የጠፋው ብላ ስትናገር፣ ያስተናገዳት ባለሙያ “በቃ በዘር ነው፣ ምን ይደረጋል” አላት። የት እንደሆነ አልጽፍም። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ደክሞት ነበር፤ ኮሪደሩም ሰው በሰው ነው። “በዘር ነው” ሲል ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እኔን ያበሳጨኝ “ምን ይደረጋል” ያለው ነው። ብዙ የሚደረግ ነገር አለ፤ በዘር ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ስኳር ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ ባጭሩ ልበል። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያዳክማል። ግድግዳቸው ይነፋፋል፣ ፈሳሽ ያሳልፋል፣ ደም ያንጠባጥባል። አንዳንዱም ይደፈናል። ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ሲታፈን ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ ይህ ፕሮቲን አዲስ የደም ሥር ያበቅላል። አዲሶቹ ሥሮች ደካሞች ናቸው። በትንሹ ይበጠሳሉ፣ ዓይን ውስጥ ይደማሉ፣ ሬቲናውን ይጎትታሉ። ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ያንኑ ፕሮቲን ነው የሚያስቆመው። ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። ማየትም ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ “ዓይኔ ደህና ነው” የሚለው የበሽተኛ ቃል፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1982 ለንደን ውስጥ ሌስሊና ፓይክ የተባሉ ሐኪሞች ሁለቱም ስኳር የያዛቸውን ተመሳሳይ መንትዮች ዓይን አወዳድረው ነበር። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው 37 ጥንዶች ውስጥ በ35ቱ የሬቲናው ሁኔታ በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለው ዲሲሲቲ የተባለው ትልቅ ጥናት ደግሞ በ1997 ወደ ቤተሰብ ዞሮ አየ። በተለመደው ሕክምና ላይ ከነበሩት መካከል ሬቲናቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ነበሩ። ስኳር ያለባቸው የእነዚህ ሰዎች ዘመዶችም በዚያው ልክ የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በ2008 ፊንላንድ ውስጥ በእህትማማችና ወንድማማቾች ላይ የተሠራው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ነው ያገኘው። በከባዱ፣ አዲስ ሥር በሚያበቅለው የሬቲና ጉዳት በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። ይህ ስለ ብዙ ሰው የሚነገር ቁጥር ነው። የአንድ ሰው ዕጣ በግማሽ ተጽፎ አልቋል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ስኳር መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የያዘው ስኳር ዓይን ማጥቃቱ ሌላ ነገር ነው። እናትና ልጅ ሁለቱም ስኳር ኖሮባቸው የአንዷ ዓይን ሊተርፍ ይችላል። ካርዱ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ዕድሉ በተቃራኒውም ይሠራል። ቦስተን ያለው ጆስሊን የስኳር ማዕከል ከዓይነት አንድ ስኳር ጋር 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለኖሩ ሰዎች ሜዳሊያ ይሰጣል። ዓይናቸው ሲመረመር ከ40 በመቶ የሚበልጡት ከባዱ የሬቲና ጉዳት አልደረሰባቸውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት በኢንሱሊን! የሚገርመው፣ በዳኑትና ባልዳኑት መካከል ያለውን ልዩነት የስኳር ቁጥራቸው አላስረዳም። አንድ የሚጠብቃቸው ነገር አለ ማለት ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በዳኑት ሰዎች ሬቲና ውስጥ አርቢፒ3 የሚባል ፕሮቲን በርከት ብሎ እንዳገኘ ጽፏል። እነዚህን ሰዎች ሳስብ በእውነት እቀናለሁ።

ታዲያ ጂኑ የቱ ነው? ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ፈልገዋል። ቪኢጂኤፍን የሚያዘው ጂን ተጠርጥሯል። ስኳርን ወደ ሌላ ነገር የሚቀይረው የአልዶዝ ሪዳክቴዝ ጂንም ተጠርጥሯል። በ2015 አውስትራሊያውያን ጂአርቢ2 የሚባል ጂን አካባቢ ምልክት አገኘን አሉ። ሌሎችም መጡ። አብዛኞቹ ግን አንድ አገር ላይ ታይተው ሌላ አገር ላይ ሲፈተሹ አልተደገሙም፤ የተደገሙትም እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ስጋት ጥቂት ነው። ሥራው የአንድ ጂን ሳይሆን የብዙ ትናንሽ ጂኖች ድምር ይመስላል። ስለዚህ ስኳር የአንድን ሰው ዓይን ያጥፋው አያጥፋው ለይቶ የሚናገር የጂን ምርመራ ዛሬ የለም። በምራቃችሁ አይቼ እነግራችኋለሁ የሚል ከመጣባችሁ ብሩን ለዓይን ሐኪም አውሉት።

ለእኛ ደግሞ የባሰ ነው። በ2019 በወጣ ቆጠራ፣ እስከዚያ ድረስ በዘረመል ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ነበሩ። አፍሪካውያን 2 በመቶ ነበሩ። የእኛ ጂን ያልተገኘው የፈለገው ሰው ስላልነበረም ጭምር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ለዛሬው ጥያቄዬ ግን መጠበቅ አያስፈልግም።

ከሁሉም ጂኖች አንዱ ለየት ስለሚል ረዘም አድርጌ ልጽፍበት። ጂ6ፒዲ ይባላል። የወባ ባለሙያዎቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ይህ ጂን ጉድለት ያለበት ሰው ፕሪማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። ጉድለቱ ወባ ባለበት አገር የበዛው በወባ ከመሞት በመጠኑ ስለሚከላከል ነው። ታዲያ ከስኳርና ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?

ያገናኘው የሦስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ ነው። ኤችቢኤዋንሲ። ምርመራው የሚለካው ቀይ የደም ሴል በዕድሜው ሙሉ ሲዞር የተለጠፈበትን ስኳር ነው። ጉድለቱ ያለበት ሰው ቀይ ሴሉ ዕድሜው አጭር ነው። ስኳር ሳይጠራቀምበት ይሞታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በአፍሪካውያን ዘንድ የሚታየው የዚህ ጂን ዓይነት ያለባቸው ወንዶች የሦስት ወር ስኳራቸው በ0.8 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ እንደሚነበብ አሳየ። እውነተኛው 7.8 የሆነ ሰው 7 ተብሎ “ጎበዝ” ይባላል ማለት ነው።

ከዚያ በ2024 የአሜሪካን የቀድሞ ወታደሮች መረጃ የያዘ ጥናት መጣ። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው መካከል ይህ የጂን ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ሬቲናቸው የበለጠ ተጎድቶ ተገኘ። በእነዚህ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ታካሚዎች ላይ ከታየው በስኳር የሚመጣ የሬቲና ጉዳት 12 በመቶ ያህሉ ከዚሁ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገመቱ። ጂኑ ዓይናቸውን አልነካውም፤ ሐኪማቸውን ነው ያሳሳተው። ቁጥሩ ጥሩ መስሎ መድኃኒቱ ሳይጨመር ቆየ፣ ስኳሩ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር።

እኛ አገር ይህ ጉድለት በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ደጋው ላይ ያንሳል፣ ጋምቤላን በመሰሉ ወባ በጠናባቸው ቆላማ ቦታዎች በዛ ብሎ ተገኝቷል። የደም ማነስና በቅርቡ ብዙ ደም መፍሰስም የሦስት ወሩን ቁጥር ያዛባሉ። ለባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። በጣት የሚለካውና የሦስት ወሩ ካልተስማሙ፣ ደስ የሚለውን ቁጥር አትመኑ። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙው ነገር በዚህ አንድ ቁጥር ነው የሚሄደው፤ የቤት መለኪያችሁ ሌላ ነገር የሚነግራችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩት።

እስካሁን ስለ ዘር ብዙ አወራሁ። ነገሩን ግን ዘር ብቻውን አይወስነውም። ዲሲሲቲ በ1993 ዋና ውጤቱን ሲያወጣ፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ጤነኛ የነበረ ሬቲና እንዳይጎዳ የሚያደርግበት መጠን 76 በመቶ ነበር። ዩኬፒዲኤስ የተባለው የእንግሊዝ የስኳር ጥናት በ1998 የደም ግፊትን በደንብ ማውረድ የሬቲና ጉዳት እንዳይባባስ በ34 በመቶ እንደሚረዳ አሳየ። ከመካከላቸው ዘራቸው መጥፎ የሆኑም ነበሩ። ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያንንም ተመልከቱ። ከ1984 ጀምሮ በነበሩት ትልልቅ ጉዞዎች ሲገቡ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም። ምግቡና አኗኗሩ ሲቀየር በጥቂት ዓመታት በዛባቸው። ዘራቸው እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ እንግሊዝ ምን እንዳደረገች ስሙኝ። ለአሥርተ ዓመታት እዚያ አገር በሥራ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን በማሳወር ስኳር አንደኛ ነበር። በ2003 ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ሬቲና በየጊዜው ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ጀመሩ። በ2014 የወጣ ጥናት የ2009 እና የ2010 መዝገቦችን ሲያይ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ቢያንስ በ50 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኳር አንደኝነቱን ለቅቋል። ቦታውን የያዙት በቀጥታ በውርስ የሚመጡ የሬቲና በሽታዎች ናቸው። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ፎቶውንና የተሻሻለውን ሕክምና እንደ ምክንያት ጠቅሰዋል። ለዚህ ብለው የማንንም ጂን መመርመር አላስፈለጋቸውም።

ወደ አገራችን ልመለስ። የዓይን ሥራ እናውቅበታለን። በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግማሽ ያህሉ ዓይነ ስውርነት በሞራ የመጣ ነበር፤ ትራኮማም ቀጥሎ ነበር። ለሁለቱም ዘመቻ ተደርጓል። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ለትራኮማ መድኃኒት ሲሰጡ አይተናል። የስኳር ዓይን ግን እስካሁን ባለቤት የለውም። የስኳር ክፍሉ የዓይን ክፍሉ ሥራ ነው ይላል። የዓይን ክፍሉ በሽተኛው ሲመጣ እናየዋለን ይላል። በሽተኛው ደግሞ ስለማያመው አይሄድም።

የቤተሰብ ታሪክ እንዲህ በቀላሉ ይገኛል ወይ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አይገኝም። እናታችን ዓይኗ ሲጠፋ ጎረቤት “ሞራ ነው” አለ፤ አክስቴ “ምች መቷት ነው” አለች፤ እርጅና ነው ያለም ነበር። ስኳርና ዓይንን ያገናኘ አልነበረም። ብዙ ወላጆች ደግሞ ስኳር እንዳለባቸው ሳያውቁ ነው ያለፉት። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በ2021 እንደገመተው አፍሪካ ውስጥ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አያውቁትም። ከዚያም መደበቅ አለ። ልጅ ልትዳር ነው፣ “እነሱ ቤት በሽታ አለ” እንዳይባል ዝም ይባላል። ስለዚህ ጥያቄው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ። ነርሷ “በቤታችሁ ስኳር ኖሮበት ዓይኑ የደከመ፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ እግሩ የተቆረጠ አለ?” ትበል። ኩላሊቱን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስኳር የሚጎዱ ኩላሊትና ሬቲና ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። መልሱን በሹክሹክታም ቢሆን ትጻፈው።

“አላውቅም” የሚልም “የለም” እንዳለ አይቆጠር። ማንም ቢሆን መታየቱ አይቀርለትም። ዓይነት ሁለት ያለበት ሰው ስኳር እንዳለበት በታወቀ ጊዜ ወዲያው ዓይኑ መታየት አለበት፤ ስኳሩ ሳይታወቅ ዓመታት ኖሮ ሊሆን ይችላላ። ዓይነት አንድ ያለበት በአምስት ዓመት ውስጥ። ስኳር ኖሮባት ያረገዘች ሴት በእርግዝናዋ መጀመሪያ። ከዚያ በየዓመቱ። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለው፣ አቅሙ ለሁሉም እስኪደርስ ወረፋው በስኳር ዓይኑ የተጎዳ ሰው ካለባቸው ቤተሰቦች ይጀምር ነው። የዓይን ሐኪም በሌለበት ከተማ የሬቲና ካሜራ ማንሳት የሠለጠነ ነርስ ይችላል፤ ፎቶው ተልኮ ሌላ ቦታ ይነበባል። አሜሪካ በ2018 ፎቶውን ራሱ የሚያነብ ማሽን ፈቅዳለች። ካሜራው ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። እትዬ ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ለግራው ያወጣነውን ግን አስሉት። በጤና መድህን የሚታከመው ሰው ደግሞ ለዚህ ምርመራ ከኪሱ እንዳይከፍል ይሁን።

ለባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር። ጠብታ የተደረገለት ሰው ለሰዓታት አጥርቶ አያይም፤ ፀሐይም ታስቸግረዋለች። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ብቻውን ይመጣና መንገድ ላይ ይደነግጣል። ለሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። “ሰው ይዘህ ና፣ መኪና እንዳትነዳ፣ ኮፍያ ያዝ” ብትሉት ይበቃል።

ለቤተሰቦችም አለኝ። ስኳር ያለባችሁ እህትና ወንድም፣ አንዳችሁ ሌዘር ከተሠራላችሁ ለሌላው ደውሉ። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ሐኪማችሁ የቤተሰብ ታሪክ ሲጠይቃችሁ “ስኳር አለ” ብላችሁ አትለፉ። እሁድ ስትደውሉ “እማዬ፣ የአያቴ ዓይን በምን ጠፋ?” በሉ። ከሰላምታው ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

እኔ ከእትዬ በኋላ ማንም ሳይልከኝ ሄጄ ታየሁ። ሬቲናዬ ላይ ጥቂት የተነፋፉ ነጠብጣቦች ተገኙ፤ ገና ጅምር ናቸው፣ ሌዘርም መርፌም አላስፈለገም። የግፊት መድኃኒቴ ተስተካከለ፣ በዓመት እንድመለስ ተቀጠርኩ። ታናሽ ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው ያለው። እሱም ስኳር አለበት፣ ክትትልም አለው። ስነግረው “እኔ እንኳን ጥርት አድርጌ ነው የማየው” ይለኛል። ለእኔ ቃል ግድ የለውም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ቢጠይቀውና ወረቀት ቢጽፍለት ግን እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ካርዱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታተም አንድ መስመር ይጨመር። እስኪታተም ድረስ ማኅተም ይሠራለትና አሁን ባሉት ካርዶች ላይ ይመታ። የሚያስተባብር ክፍል ተለይቶ ለእኛም ይገለጽልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስኳር ክትትል ታካሚ፣ አዲስ አበባ